ኳሱን የማይነካው ዱላ

ወንድሜ ጎልፍ ሜዳ ላይ የተጫዋቾችን ቦርሳ ይሸከም ነበር። ይህ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፤ እኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ጎሮ ነው። አንድ እሑድ ከሥራ ሲመለስ ስለ አሸዋ ጉድጓዶቹ አወራኝ። ሜዳው ላይ ሆን ተብሎ አሸዋ የተሞሉ ጉድጓዶች አሉ። ኳስ እዚያ ከገባ ማውጣቱ ከባድ ነው።

«የሚችልበት ሰው ሲያወጣው ዱላው ኳሱን አይነካውም» አለኝ።

«ታዲያ በምን ይወጣል? በጸሎት?»

«አሸዋው ነው የሚያወጣው፣ አንተ ደንቆሮ!»

«ውሸታም» አልኩት። እየቀለድኩ አልነበረም፤ የምሬን ነው። ተኮራረፍን።

በዚያው ሳምንት ታመመ። በአራተኛው ቀን ሞተ። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ አልጋው ሥር አንድ ዱላና አንድ ኳስ አገኘን። የዱላው ጫፍ ሰፊ ብረት ነው፤ ወደ ኋላ ጋደል ያለ። የሥራ ጓደኛው «ዱላው የኔ ነው» አለ፤ አርባው ዕለት መጥቶ ሊወስደው ተስማማን። ወንድሜ እውነቱን ነበር ወይ? እስከ አርባው ማወቅ ነበረብኝ። ከዚያ በኋላ ዱላ የለም።

አሸዋስ ሞልቷል። ያኔ ከሲኤምሲ ወደ እኛ በሚመጣው ፒስታ መንገድ ዳር ቤት የሚሠራ ሰው ብዙ ነው፤ ገልባጭ መኪና የደፋው አሸዋ በየአጥሩ ሥር ተቆልሏል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዱላውን ይዤ ወጣሁና አንዱ ክምር ላይ ኳሱን አስቀመጥኩ። የግንባታው ዘበኛ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ከቆርቆሮ ቤታቸው ብቅ አሉ።

«ስማ! የሰው አሸዋ እንዳትበትን!»

«እሺ አባባ፣ አልበትንም።»

ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር። አሸዋው እንዳይባክን ተጠንቅቄ ኳሱን ብቻ ነጥዬ ለመምታት እሞክራለሁ። ኳሱ አንዴ ብሎኬቱን፣ አንዴ ቆርቆሮውን ይመታል። ወይም እዚያው ይቀበራል።

«ምን በድሎህ ነው እንዲህ የምትደበድበው?» ይሉኛል።

ጥቁር ልብሴን አይተው ማን እንደሞተብኝ የጠየቁኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ አሸዋው ዝም አሉ። እኔ ግን መጠንቀቄን አልተውኩም።

ለአርባው ሁለት ቀን ሲቀር ዘበኛው ለልስን የሚሆን አሸዋ ሲነፉ ደረስኩ። ትልቅ ወንፊት በእንጨት ደግፈው አቁመዋል፤ በአካፋ እየዛቁ ይወረውሩበታል። ቆሜ አየሁ። አካፋው ከሥር ይገባል። ላይ ያለው ጠጠር ከአሸዋው ጋር ተነሥቶ ይበራል። አካፋው ጠጠሩን አልነካውም።

«አባባ፣ እስቲ አንዴ ይድገሙት።»

«ምኑን?»

«መዛቁን።»

«ሥራ አማረህ እንዴ? እንካ አካፋውን!»

ኳሱን ያልተነፋው ክምር ላይ አደረግሁ። «ትንሽ ልበትን?» አልኳቸው።

«በትን። ወደ ወንፊቱ ይሁን ብቻ።»

ከኳሱ ኋላ ሁለት ጣት ያህል ትቼ አሸዋውን መታሁ። በኃይል። ብረቱ ኳሱን ሲመታ ጧ የሚለው ድምፅ አልመጣም። አሸዋው ሹው ብሎ ተረጨ፤ ኳሱ ከመሐሉ ቀስ ብሎ ወጣና ወንፊቱ ሥር ወደቀ።

«ወጣ!» አሉ ዘበኛው።

ለወንድሜ ልነግረው ወደ ቤት መንገድ ጀምሬ ነበር። ሁለት እርምጃ፣ ሦስት ይሆናል። ከዚያ ቆምኩ። ተመልሼ ኳሱን አነሣሁና እስኪደክመኝ መታሁ።

አርባው ዕለት ጓደኛው ዱላውን ሲቀበል ብረቱ መቧጨሩን አየ።

«ማን መታበት?»

«እኔ። ከአሸዋ ላይ።»

«ወጣልህ?»

«ወጣልኝ።»

«ማን አሳየህ?»

«ወንድሜ» አልኩት። «አሳይቶኝ አይደለም። ነግሮኝ ነው።»