ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ዲስክ

ጆሮዬ ክፉ ነው። ፍኖተ ሰላም በተከራየኋት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተቀምጬ፣ ጎረቤት ውሃ ሲቀዳ የባልዲው እጀታ እንኳ ያናድደኛል። አብረውኝ የሚያስተምሩት "አንተ ደመወዝህን በጆሮህ ነው የምትበላው" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ያለኝን ሁሉ ያፈሰስሁት በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ በአንድ አምፕሊፋየርና በሁለት ስፒከር ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ሙዚቃ እከፍታለሁ።

የዚህ ሁሉ ዕቃ ጠላት ዘፈኑ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ነበር። ውስጡ እንደ ሸክላ የሚዞር ሳህን አለው። ሲዞር ያንሾካሹካል፤ ክራሩ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ እሱ ወሬውን ይቀጥላል። በቡጢ ልለው እነሣና፣ ውስጡ ያለው ትዝ ሲለኝ እጄን እሰበስባለሁ። ውስጡ የአባቴ ድምፅ ነበር።

አባቴ ቡሬ አጠገብ ባለ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ዘፋኝ አይደሉም፤ ሠርግ ላይ እንኳ ከማጨብጨብ አያልፉም። ለበሬዎቻቸው ግን ያንጎራጉሩ ነበር። አንድ ጥር ላይ ጤፍ ሲያበራዩ፣ ከጭዱ ክምር ሥር ተቀምጬ በትንሽ መቅረፀ ድምፅ ቀዳኋቸው።

"ዙር በሬየ ዙር፣ አትበል ደከመኝ፣
አንተ ብትቀመጥ ማን አለኝ ማን አለኝ።"

መልሼ ሳሰማቸው ደነገጡ። "ይኸ እኔ ነኝ? እንዲህ ነው እምጮኸው?" አሉና ወደ በሬው ዞረው፣ "አይ ያንተ ትግሥት!" ብለው ሳቁ። እናቴ ያን ቀን ለአውድማው ሰው ምግብ ስታሰናዳ ስለዋለች አልሰማችም። ሌላ ጊዜ ትሰማለች ተባለ።

እኛ አገር "ሌላ ጊዜ" የሚባለው ነገር መታመን ካቆመ ቆይቷል። አባቴ የታመሙት በግጭቱ መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ነው። ሕመማቸው ሰው የሚገድል አልነበረም፤ የገደላቸው መኪና ማጣት ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም ጥርሴን እነክሳለሁ። መርዶው በሰው በሰው ደርሶኝ፣ በእግርም በበቅሎም ብዬ ስደርስ ተቀብረው ሠልስታቸው አልፏል።

ለቀስተኛው ሲበተን እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝ።

"ያን ያውድማውን ድምጡን ይዘኸዋል?"

"አለ እማየ፤ ፍኖተ ሰላም ነው።"

"በል አደራ። መልኩስ ዓይኔን ስጨፍን ይመጣልኛል። ድምጡ ነው እየራቀኝ ያለ፤ ስሜን ሲጠራኝ እንዴት እንደነበር ትናንት አጣሁት።" ወዲያው ድንግጥ ብላ እጄን ያዘችኝ። "አሁን አይደለም ታዲያ። ዓመቱ ሳይሞላማ ዘፈን!"

ሐዘን የገባበት ቤት ዓመት እስኪሞላው ሬዲዮ እንኳ አይሰማበትም። ሙት ዓመቱ እንደወጣ ላሰማት ቃል ገባሁ።

ፍኖተ ሰላም ስመለስ ዲስኩ ማንሾካሾኩን ትቶ ቋ፣ ቋ ማለት ጀምሯል። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ ሳልውል ሳላድር መተኪያ ፍለጋ ወጣሁ። ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠው ያለኝ ሰው ነበር። ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ስንት ጊዜው! ላም አለኝ በሰማይ አልሁት። ፍላሽ ደግሞ አላምንም፤ የፈተና ጥያቄ የማስቀምጥባቸው እየተከታተሉ ሞተውብኛል። ሌላ የሚዞር ዲስክ ብገዛ፣ አንደኛ ያንሾካሹካል፣ ሁለተኛ በኛ መንገድ የተጫነ ነገር ተንጦ ነው የሚደርሰው። የቀረው ኤስኤስዲ የሚሉት ነው። ውስጡ የሚዞር ነገር የለም፤ ስስ ነው፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ባዳምጠው እንኳ ትንፍሽ አይልም። ሻጩ ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ አሳየኝና፣ "ይኸ እኮ አይሞትም" አለኝ።

ሁለት ወሰድሁ፤ አንዱን ለኮምፒውተሩ፣ አንዱን ለእናቴ። ከተማው ቢረበሽ የገጠሩ ይተርፋል፣ ገጠሩ ቢቃጠል የከተማው ይተርፋል ብዬ ነው። በዘዴዬ ኮርቼ ነበር። አሮጌው ዲስክ የያዘውን ሁሉ ከሰጠኝ በኋላ ሰንበት ሳይል ፀጥ አለ።

ለአርባቸው ስሄድ የእናቴን ድርሻ በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋት። "እርጥበት እንዳይነካው፣ አይጥ እንዳያገኘው፣ የልጅ እጅ እንዳይደርስበት" አልኋት። በሁለት እጇ ተቀብላ ግንባሯን አስነካችው። ከዚያ የት እንዳስቀመጠችው አልጠየቅሁም።

በዚያ ዓመት እኔም ቤት ሙዚቃ አልተከፈተም። ስፒከሮቹን ነጠላ አልብሼ፣ ኮምፒውተሩን ፈተና ለመጻፍ ብቻ እነካዋለሁ። አንድ ከሰዓት እየጻፍሁ ሳለ መብራት ሄደ። ሲመለስ እንደ ክረምት ጎርፍ ነው የመጣው፤ አምፖሉ ፈነዳ፣ ኮምፒውተሩ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና አዲሱም ዲስክ አብሮ መሄዱን ነገረኝ። መብራቱንም፣ ያመጣውንም ሰው፣ ሽቦውንም ረገምሁ። ግን አልተሸበርሁም፤ ሁለተኛው እናቴ ዘንድ አለ።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ፤ ተዝካራቸው ያለ እኔ ወጣ። ብዙ ቆይቶ መኪና መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ የባልደረባዬን ላፕቶፕ ተውሼ ቡሬ ገባሁ፤ ከዚያ በእግሬ። እናቴ ከወገቧ ጎብጣ፣ ግን ደስ ብሏት ተቀበለችኝ። የታጠበ ቀሚሷን ለብሳ ነበር።

"ና እስቲ፣ አደራህን ተረከብ" አለችና ዱካ መቀመጫዋ ላይ ወጥታ ቆመች።

ከምድጃው በላይ፣ ከጣራው ማገር ላይ የዘር በቆሎው ሳይሸለቀቅ ከነልብሱ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ታስሮ ተሰቅሏል፤ ጭስ አጥቁሮታል። ከበቆሎዎቹ መሐል አንድ ጥቁር ጥቅል ፈታ አወረደችልኝ።

"እዚህ ነቀዝ አይደርስ፣ አይጥ አይደርስ፣ እርጥበት አያውቀው። ከወሰድሁት ጀምሮ አልነካሁትም።"

በዚያ ቤት ከዘር በቆሎ የሚከብር ነገር የለም። ርኀብ በገባበት ዓመት እንኳ እሱ አይነካም፤ ይህን ልጅ ሆኜ አውቃለሁ። እናቴ ባሏን ያኖረችው ከሁሉ በላይ በምታከብረው ቦታ ነው። ጨርቁን ስፈታው ጥቀርሻው እጄ ላይ ረገፈ። የዲስኩ ልባስ በአንድ ጎኑ ተቆልምሟል።

ላፕቶፑ ዲስኩን አወቀው። ፋይሉም አለ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ ከፈትሁት። መጀመሪያ የጭዱ መንኮሻኮሽ መጣ። ቀጥሎ የአባቴ ሳል ተሰማ።

"እሱ ነው" አለች።

"ዙር በሬየ ዙር፣ አትበል ደ—"

ከዚያ ምጣድ እንደሚፍቅ ብረት ያለ ጩኸት ሆነና ቆመ። እንደገና ከፈትሁት፤ አሁን "ዙር" ብሎ ተቆረጠ። ሦስተኛ ስሞክር ላፕቶፑ ዲስኩን ጭራሽ አላውቅህም አለው። ነቀልሁት፣ ሰካሁት፣ በትንፋሼ አራገፍሁት። እናቴ እጇን አፏ ላይ እንዳደረገች ትጠብቃለች።

"ከዚያስ?" አለችኝ።

ለዚህ ዲስክ ፀጥታ ሞት መሆኑን ያነበብሁት በኋላ ነው። የማይዞረው ዲስክ መብራት ሳያይ ከቆየ የያዘውን ቀስ በቀስ ይረሳል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥንበታል። አልፎ አልፎ ከፍተን ብንሰማው ምናልባት ይተርፍ ነበር። እኛ ግን ሐዘንተኞች ነን፤ አልከፈትነውም። እናቴ ደግሞ የሚጠበቅ ነገር እንዴት እንደሚጠበቅ ታውቃለች፤ ጭስ ላይ ነው። አምርሬ የተናደድሁት በማን እንደሆነ አላውቅም። የምቆጣው ሰው አጣሁና ላፕቶፑን በኃይል ዘጋሁት።

"ያስቀመጥሁበት ነው ልጀ? እሳቱ ነው?"

"የለም እማየ። ዕቃው ሲሠራም ደካማ ነው። ሻጩ ነው ያታለለኝ።"

ወደ ማገሩ ቀና ብላ በቆሎዎቹን አየቻቸው፣ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ጥቀርሻ።

"እሽ" አለች፤ ተነሥታም እራት አቀረበችልኝ። ስለ ድምፁ ዳግመኛ አላነሣችም። እኔም ከዚያ ወዲህ ስፒከሮቹ ላይ ያለውን ነጠላ አላነሣሁትም።

ግንቦት ላይ ዘር ሳይዘራ ላግዛት ብዬ ሄድሁ። ቤት እንደገባሁ ቀና አልሁ፤ ከምድጃው በላይ ባዶ ማገርና ጥቀርሻ ብቻ ነበር። የዘር በቆሎው ተፈልፍሎ በጆንያ ከበሩ ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጧል። እጄን ከተትሁበት። ዱቄት ሆኗል፤ ነቀዙ ክንዴ ላይ ወጣ።

"እማየ፣ ምነው ዘሩን አወረድሽው?"

እሳቱን እየቆሰቆሰች ነበር፤ ዘወር ብላ አላየችኝም።

"ጭሱ ይጎዳዋል ብየ ነው" አለች።