በሙሉ ድምፅ የተወሰነው ቤት

ያልደረቀ ሲሚንቶ ሽታ ለብዙ ሰው የአዲስ ቤት ሽታ ነው። እኔ ግን ቦንጋ ውስጥ ግድግዳ በሚለሰንበት በኩል ሳልፍ ይህ ሽታ ሲመታኝ፣ ጥርሴን ነክሼ ወደ ማዶ እሻገራለሁ። ልጅ ሳለሁ ቤታችን በሲሚንቶ ከተለሰነ ወዲህ ትምህርቴን ጨርሻለሁ፤ ስለ ይቅርታ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍትም አንብቤአለሁ፤ አንዳቸውም ግን ይህን ቁጣ ከውስጤ ሊያወጡልኝ አልቻሉም።

ያደግንበት ቤት የእናቴ አባት ያሠሩት ነበር። ቋሚዎቹ ከማንኪራ በኩል ካለው ጫካ የወረዱ፣ ግድግዳው በጭድ በቦካ ጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሲሆን፣ የጣሪያው ጠርዝ፣ ክፈፍ የምንለው፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል አልፎ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። ዝናብ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት በማይለቀው በእኛ አገር፣ ከክፈፉ ሥር ያለው ደረቅ መሬት እንደ አንድ ተጨማሪ ክፍል ነበር፤ እናቴ ማገዶዋን ትደረድርበት፣ እኔና ታላቅ እኅቴ ሰላም ተቀምጠን የቤት ሥራችንን እንሠራበት፣ መንገደኛም ዝናቡ እስኪያባራ ይጠለልበት ነበር። ለእናቴ ከአባቷ የቀራት ያ ቤት ብቻ ነበር። ፎቶግራፍ እንኳ አልነበራትም፤ አባቷን ማስታወስ ስትፈልግ የቆሙትን እንጨቶች ታይ ነበር።

አባቴ ከሰሜን በሥራ ተመድቦ የመጣ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የግዢ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር። ሥርዓት ይወድ ነበር፤ በወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ለእሱ እንዳልተደረገ ነበር የሚቆጠረው። ለበዓል በግ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ ሦስት በግ ሳያወዳድር አይመለስም ነበር። እናቴ በዚህ ትስቅበት፣ እኛም አብረናት እንስቅ ነበር። ዛሬ ያን ሳቅ ሳስታውስ እናደዳለሁ፤ ያኔ ሳንስቅ ተቆጥተንበት ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ በጋ፣ ከኋላ በኩል ያለው ግድግዳ ጭቃው እየተፈረፈረ አንዱ ቋሚ ከሥሩ መላላት ጀመረ። አባቴ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል አለ። እናቴም ጋሽ ኮቺቶን አስጠራች። ጋሽ ኮቺቶ በወጣትነታቸው ከአያቴ ጋር ሆነው እነዚያን ቋሚዎች ያቆሙ፣ በሠፈራችን ሁሉ የሚታወቁ አናጢ ነበሩ። መጥተውም ብዙ አላወሩም፤ ከቋሚ ወደ ቋሚ እየሄዱ በጣታቸው መገጣጠሚያ እያንኳኩ ጆሯቸውን ያስጠጉ፣ ጎንበስ ብለውም በትንሽ ቢላዋ ጫፍ የእንጨቱን ሥር ይነካኩ ነበር። ሲጨርሱ አባቴ ደብተሩን ይዞ ጠበቃቸው።

«እንግዲህ ጋሽ ኮቺቶ፣ ፕሮፎርማ ያስገቡልን።»

«ምን ላስገባ?»

«ወረቀት። ዋጋና የሥራ ዝርዝር ያለበት።»

«ልጄ፣ ቤቱ አሁን ደርቋል፤ ደረቅ ቤት ይዋሻል። መጋቢት ላይ ሁለት ሦስት ዝናብ ይምታው። እያካፋ እመጣለሁ፤ ውሃው የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚገባ አየዋለሁ። ከዚያ ዋጋውን እነግርሃለሁ።»

«መጋቢት! ጨረታው እኮ በጥር መጨረሻ ይዘጋል!»

«ማነው የሚዘጋው?» አሉ ጋሽ ኮቺቶ፣ ከልባቸው ለማወቅ ፈልገው።

ሰላም አፏን በሻርፗ ሸፍና ወደ ጓሮ ሮጠች። አባቴ ግን አልሳቀም። የአካባቢው የድሮ አናጢዎች ቤትን በዝናብ ሳያዩ ዋጋ እንደማይናገሩ፣ ይህም ስንፍና ሳይሆን የሙያቸው ሕግ እንደሆነ ሊገባው አልቻለም፤ አልፈለገምም። ደብተሩ ላይ «ሰነድ አላቀረቡም» ብሎ ጻፈ።

በጥር ወር አባቴ ያስጠራው ተቋራጭ፣ ኢንጂነሩ፣ መጣ። ኢንጂነር ነኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ ሰው ሁሉ እንዲያ ይለው ነበር፣ እሱም አላረመም። ከላዩ የሚወድቅበት ነገር በሌለበት ግቢያችን ውስጥ ነጭ ሄልሜት አድርጎ፣ ሜትሩን እየሳበና እየለቀቀ፣ በሩብ ሰዓት ሁሉን ለክቶ ጨረሰ። ቋሚዎቹን አልነካም። ከበር ቆሞ ወደ ላይ እያየ እናቴን እንዲህ አላት።

«እትዬ አልማዝ፣ ይሄ ክፈፍ እኮ ቤቱን ባርኔጣ የደፋ ሽማግሌ አስመስሎታል። እንቁረጠውና ፊቱ ይታይ!»

አባቴ በጣም ሳቀ። በሳምንቱም ሦስት ፕሮፎርማ በአንድ ከሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ቡኒ ፖስታ፣ በኢንጂነሩ ሠራተኛ እጅ ደረሰ። ማኅተማቸው የተለያየ ነበር፤ ጽሕፈታቸው ግን አንድ ነበር።

«አባባ፣ ሦስቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው» አልኩት።

«ፎርማሊቲ ነው፤ ዋናው ሦስት መሆናቸው ነው» አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

ይህን መልስ አድጌም አልረሳሁትም። አባቴ አልተታለለም። እንዲህ ያለ ፖስታ ምን ማለት እንደሆነ ከከተማው ሰው ሁሉ አብልጦ የሚያውቀው እሱ ነበር፤ ሥራው ነበርና። እያወቀ ነው ለሚስቱ ከአባቷ የቀራትን አንድ ቤት በዚያ ፖስታ የለወጠው።

በቀጣዩ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የቤተሰብ ስብሰባ ተጠራ። አባቴ ሰብሳቢ፣ እናቴ አባል፣ እኔ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ ጸሐፊ፣ ሰላም ደግሞ ታዛቢ ሆንን።

«ታዛቢ አበል አለው?» አለች ሰላም።

«ዝም በይ፤ ስብሰባ ላይ ነን» አላት አባቴ።

እናቴ አፏን የፈታችው በካፍኛ ስለነበር፣ አማርኛዋን ተጠንቅቃ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠች ነበር የተናገረችው። «እኔ የምፈልገው ጋሽ ኮቺቶን ነው። ዝናብ ይጠበቅ ብለዋል፤ እንጠብቅ። ክፈፉም አይቆረጥ። የአባቴ ቤት ነው።»

«ሐሳብሽ ተይዟል፣ አልማዝ። ነገር ግን ሰነድ ያላቀረበ አይወዳደርም። ሰዉ ምን ይለናል? በግዢ ክፍል ሠራተኛ ቤት ሥራ በአፍ ተሰጠ ይባል?» ካለ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። «ጻፍ፤ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

ቀና ብዬ እናቴን አየኋት፤ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር። እኔም ጻፍኩ፤ አንድ ፊደል ሳይወላገድ፣ መስመሩን ሳልስት ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲደርሳት «ልጄ የጻፈው አይደል?» ብላ ሳታነበው ፈረመች።

በየካቲት ክፈፉ ተቆረጠ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የመጋዙን ድምፅ ከሩቅ እሰማው ነበር። በጭቃው ግድግዳ ላይ የዶሮ ሽቦ መትተው፣ ሽቦውን በሲሚንቶ ለስነው ከላይ እስከ ታች ሸፈኑት፤ ማገዶውም የሚጠለልበት አጥቶ በጓሮ ተቆለለ። አንድ ቀን ጋሽ ኮቺቶ በመንገድ ሲያልፉ ቆመው የተቆረጠውን ጠርዝ አዩ።

«ዝናቡን ማን ሊመልሰው ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«አባት፣ ዘመኑ የሲሚንቶ ነው፤ ሲሚንቶ ዝናብ አይፈራም» አላቸው ኢንጂነሩ። አንዱ ሠራተኛም ከመሰላሉ ላይ ሆኖ፣ «ካዘኑለት ኮፍያዎን ያውሱት፣ ጋሼ!» ብሎ ሌሎቹን አሳቀ። አባቴም አብሯቸው ሳቀ።

«ሲሚንቶው አይፈራም» አሉ ሽማግሌው። «ውስጥ ያለው እንጨት ግን ይፈራል።» ይህን ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በወሩ መጨረሻ፣ አንድ ጠብታ እንኳ ሳይዘንብ፣ አባቴ የርክክብ ሰነድ ፈረመ። ቤቱ ቢጫ ተቀብቶ ከመንገድ ያበራ ነበር። ያኔ መኩራቴን አልክድም፤ የክፍል ጓደኞቼን እያመጣሁ ከበር ላይ አሳያቸው ነበር።

ከዚያ በልጉ ገባ። ቀድሞ ከግድግዳው ርቆ ይወርድ የነበረው ውሃ አሁን ግድግዳውን እየላሰ ይወርድ፣ በልስኑ ላይ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ስንጥቆች ይገባ ጀመር። ጭቃ ቢርስም በፀሐይ ይደርቃል፤ የገባው ውሃ ግን በሲሚንቶው ታፍኖ መውጫ አጣ። በክረምቱ የእናቴ ክፍል ግድግዳ ያልበው ነበር። ጋቢዋ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ይሻግት፣ ጨው በዕቃው ውስጥ ይቀልጥ፣ ደብተሮቼም እርስ በርስ ይጣበቁ ነበር። አባቴ በየወሩ ቀለም ገዝቶ የጠቆረውን ይሸፍን፣ «የወቅት እርጥበት ነው» ይል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ከበሩ መቃን ሥር እንጉዳይ በቀለ።

«አባባ፣ ለዚህስ እንጉዳይ ጨረታ ይወጣለታል?» አለች ሰላም።

በጥፊ መታት። ከዚያ በፊት አንዳችንንም መትቶ አያውቅም ነበር፤ የመታትም ስለቀለደች ሳይሆን እውነት ስለተናገረች ነበር።

ያ ዝናብ ሊያባራ ሲል፣ በጥቅምት፣ ምሳ ላይ ተቀምጠን ሳለ የኋላው ልስን እንደ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ሙሉውን ተገንጥሎ ወደ ጓሮ ወደቀ። ውስጡ የነበሩት ቋሚዎች ጠቁረው፣ ውሃ እያንጠባጠቡ ታዩ። ኢንጂነሩ ስልኩ ዝግ ነበር። አባቴ ደካ የሚባል ቦታ ድረስ ሄዶ ሌላ ሥራ ላይ አገኘውና ማምሻውን መልሱን ይዞ ተመለሰ፤ «እንጨቱ አሮጌ ስለነበረ ነው። ደግሞስ ርክክብ ፈርመው የለም?»

በማግስቱ ጋሽ ኮቺቶ ሳይቀየሙ መጡ። ያችን ትንሽ ቢላዋ ከቋሚው ሥር አስጠጉ፤ ሳይገፏት እስከ እጀታዋ ገባች። ሌላው ቋሚ ዘንድ ሄዱ፤ እዚያም ገባች። ቤቱን ዞረው ሲጨርሱ ከእናቴ ፊት ቆሙ።

«አልማዝ ልጄ፣ ይህን ቤት አሁን ማዳን አልችልም። ሳይወድቅባችሁ ማፍረስ ግን እችላለሁ።»

እናቴ አላለቀሰችም። ቀድሞ የተናገረው አባቴ ነበር። «እንግዲህ እኮ ሥራው በሥርዓቱ ነው የተሰጠው» አለ። «ያለ ውድድር አልተሰጠም። ሁላችንም ተስማምተን ነው፤ ቃለ ጉባኤው አለ።» ገብቶም ፋይሉን አመጣና፣ በዚያ በፈረሰ ግድግዳ ፊት ቆሞ፣ «በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» የሚለውን ጮክ ብሎ አነበበ።

እናቴ ወደ እሱ አልዞረችም። ወደ እኔ ነው የዞረችው።

«እኔ እንዲህ ብያለሁ?»

«አላልሽም።»

«ታዲያ ለምን ጻፍከው?»

አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። አባባ አዘዘኝ ማለት እችል ነበር፤ እሷ ግን የጠየቀችኝ ማን እንዳዘዘኝ አልነበረም። አባቴ «ልጁን አታስጨንቂው» ሲል፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላሁት፤ ሊያድነኝ የመጣው ራሱን ለማዳን እንደሆነ ገብቶኝ ነበርና። እናቴም ወደ ጋሽ ኮቺቶ ዞራ፣ «ጋሼ፣ ያፍርሱት» አለች። በዚያ ቤት ጉዳይ ያለ ሰብሳቢ የተወሰነው ውሳኔ እሱ ብቻ ነው።

በተከታዩ በጋ ከጎረቤቱ ጋር ተሰብስበን ቤቱን አፈረስነው። እናቴ ቋሚዎቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ዳር ቆማ ታይ ነበር፤ አንዳንዶቹ ገና ሲነኩ በእጅ ላይ ይፈርሱ ነበር። ኢንጂነሩ አንድ ወር ሠርቶ፣ ዋሽቶ ሄደ፤ እሱን ብዙም አላስበውም። አባቴ ግን እስከ ዛሬ «ተሳስቻለሁ» አላለም። ስለ ቤቱ ሲነሳ የሚናገረው ስለ ሲሚንቶው ጥራት ነው።

አሁን በዚያው ቦታ የብሎኬት ቤት ቆሟል። ጠንካራ ነው፣ እርጥበት አያውቀውም፤ ለፈተና ሳጠና ያደርኩትም፣ የመጀመሪያ ደመወዜን ይዤ የገባሁትም በእሱ ነው። በአሮጌው ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ እናቴ እንደማይሰማት ሆና ሥራዋን ትቀጥል ነበር። በዚህኛው፣ የመጀመሪያው ጠብታ ሲያርፍ የያዘችውን ታስቀምጥና ወደ ኋላ ክፍል ሄዳ መዳፏን ግድግዳው ላይ ታሳርፋለች፤ ዝናቡ እስኪያባራም እንዲሁ ትቆማለች። አባቴ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። እኔ መጽሐፌን አጥፌ እሄድና ከጎኗ እቆማለሁ፤ ያን ቃለ ጉባኤ የጻፈውን እጄን ከእጇ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለማሳረፍ ግን እስካሁን አልደፈርኩም።