በባሕር ማዶ የተመለሰ ወንፈል

እናቴ ሰው ሲያዝንላት አትወድም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ አምበር ከተማ አጠገብ ያለችውን ማሳችንን የምታሠራው በወንፈል ነበር፦ ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ላንተ፣ ቀን በቀን። ወንዶቹ ያረሱላትን በአረምና በአጨዳ ትመልሳለች። "ግዴለም፣ እንዲሁ እንሥራልሽ" ያላትን ጎረቤት ዓመቱን ሙሉ ታኮርፈዋለች።

ደብረ ማርቆስ ስማር አንድ መምህራችን፣ ያለ ኬሚካል ማዳበሪያ በሚያርስ ገበሬ ዘንድ ክረምቱን መሥራት የሚፈልጉ የጀርመን ተማሪዎች እንዳሉ ነገረን። እጄን ቀድሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ! እናቴ ከፍግና ከብስባሽ ሌላ አታውቅም፤ ሰፈሩም "መግዛት አቅቷት ነው" እያለ ያማት ነበር። ፈረንጅ ሊማርባት ሲመጣ ይዩ አልኩ።

ሦስቱ ተማሪዎች በጭቃው እየተንሸራተቱ ደረሱ። "በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በነጻ ነው የሚሠሩት" ስላት ፊቷ ጠቆረ።

"በነጻ? ምን ሆኜ? 'ፈረንጅ መጽውቷት ታረመላት' ልባል? ወንፈል ከሆነ ይግቡ፤ ካልሆነ በልተው ጠጥተው ይሂዱ።"

"ኧረ እማዬ፣ በምን ትመልሻለሽ? አገራቸው እኮ ባሕር ማዶ ነው!"

"እሱን ለእኔ ተይው።"

ተረጎምኩላቸው። ከሦስቱ ረጅሟ ልጅ ሳቀችና አባቷም ድንች የሚያመርት ገበሬ እንደሆነ ነገረችን። "እንግዲያው ለአባትሽ እመልሳለሁ" አለች እናቴ፤ ተጨባበጡ።

የመጀመሪያ ቀን ጤፉን ከሙጃው ጋር እየነቀሉ ከመሩት። "ወይ ጉዴ! ይሄን ቀንማ አልቆጥረውም!" ብላ ጮኸች እናቴ። ረጅሟ ልጅ ስተረጉምላት እንደ በርበሬ ቀላች። ከዚያ ወዲያ ግን አረሙን ከጤፉ ለየች፤ ዝናብም እየመታት ጎንበስ እንዳለች ትውል ነበር። እናቴ ማታ ማታ ወገቧን በቅቤ እያሸቻት "ጎበዝ ናት፤ ዕዳዬ ከበደ" ትለኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤቶቻችን "ጀርመን መቼ ነው የምትወርጂው?" እያሉ ይቀልዱባት ነበር። አብራቸው ትስቃለች፤ ውስጧን ግን ይቆረቁራት ነበር። ለትምህርት ወደዚያው አገር ስሄድ፣ ዘመድ ሁሉ ሲላቀስ እሷ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ "ትምህርቱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ወንፈሌን" አለችኝ።

ክፍል ሳይጀመር የረጅሟ ልጅ አባት እርሻ ሄድኩ፤ የድንች ለቀማ ጊዜ ነበር። የብርዱ ነገር አይነሳ! ጣቴ ደነዘዘ። አባቷ ሽማግሌ ናቸው፤ "በቃሽ፣ እንግዳችን ነሽ፣ እረፊ" ቢሉኝ ምን ቆርጦኝ! ጎንበስ እንዳልኩ ዋልኩ። የእናቴ ልጅ በመሆኔ እንደዚያን ሰሞን ኮርቼ አላውቅም።

እንደጨረስኩ ደወልኩላት። "እማዬ፣ መለስኩልሽ።"

"ሙሉውን?"

"ሙሉውን። እንዲያውም ድንቹን ዝናብ ሊመታባቸው ሲል አንድ ቀን ጨመርኩላቸው።"

"አስበልጠሽ?" ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች መሰለኝ፣ ደጅ ላሉት ጎረቤቶች ስትጮህ ሰማኋት፦ "ሰማችሁ? አሁን ባለዕዳዎቹ እነሱ ናቸው!" ከዚያ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ እዚያ ድንች መሐል ቆሜ እንባዬ ወረደ።

ወደ ስልኩ ስትመለስ ድምጿ የማሳ ባለቤት ድምፅ ነበር። "በይ ንገሪያቸው፤ ለጤፉ አጨዳ ይድረሱ። ደግሞ 'በነጻ ነው' እንዳይሉኝ!"