በወዳጄ በረት የሞቱት ላሞች

ፊደል የቆጠርኩት ጺሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት መንግሥት ባቀረበልኝ ወረቀት ሁሉ ላይ አውራ ጣቴን ተጭኛለሁ፤ በምን በምን እንደተስማማሁ ዛሬም አላውቅም። ማንበብ ስችል ሰው ማመን ቀረብኝ።

በእኛ አገር ከብቱን ሁሉ በአንድ በረት የሚያሳድር ሰው ሞኝ ነው። አንዱ ዘንድ በሽታ ቢገባ ሌላው ዘንድ ዘር ይተርፋል ብለን ከብት ወዳጅ ቤት እናስቀምጣለን። እኔም ከእኛ በታች ቆላው ላይ ባለው አርቦሬ ውስጥ ከአባቴ የወረስኩት ወዳጅ ነበረኝ። የእኔ ሁለት ላሞች እሱ ዘንድ፣ የእሱ አንዲት ላም እኔ ዘንድ ይኖሩ ነበር። ወረቀት የሚባል ነገር በመሃላችን አልነበረም።

አንድ ዓመት ድርቅ መጣና ሁለቱም ላሞቼ እዚያው ሞቱ። ቆዳቸውን በሰው ላከልኝ።

ከወራት በኋላ ከብት ለሞተበት ገበሬ መንግሥት እርዳታ ሊከፍል ነው ተባለ። የቀበሌያችን መዝጋቢ መጣና «ስንት ሞተብህ?» አለኝ።

«እዚህ አንድ፣ አርቦሬ ሁለት።»

«የአርቦሬውን አርቦሬ ይመዝግበው» ብሎ «አንድ» ብሎ ጻፈ። አጎንብሼ አነበብኩት። ልክ ነው፣ አንድ ነው።

ነገሩ አላስተኛኝም። አርቦሬ ወረድኩ። የቀበሌው ግድግዳ ላይ ዝርዝር ተለጥፏል። በጣቴ እየተከተልኩ የወዳጄን ስም አገኘሁ፤ አምስት ከብት፣ ተከፍሏል። የራሱ የሞቱት ሦስት ብቻ እንደሆኑ አውቃለሁ። ደሜ ፈላ።

ቤቱ ስደርስ ወዳጄ ደጁ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። «ተማሪው መጣ! ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» አለኝ።

«የላሞቼን ብር በላህ?»

ገመዱን አስቀመጠ። «የሰው ናቸው አልኳቸው። ‹እኛ የምንጽፈው ባለበረቱን ነው› አሉኝ። ታዲያ ልተወው? ጊደር ገዛሁልህ፤ ያቻት።»

ቀይ ጊደር ናት። ጆሮዋ በቤታችን ምልክት ተቀዷል። ጠጋ ብዬ አየሁት፤ ቁስሉ ገና አልደረቀም። መምጣቴን ሰምቶ ጠዋት የቀደደው መሰለኝ።

«የሁለት ላም ካሳ አንዲት ጊደር ነው? የቀረውስ?»

«የቀረ የለም። ገበያው እሳት ነው፤ ሻጩን ሄደህ ጠይቀው።»

ሻጩን አልጠየቅሁም። ደብተሬን አውጥቼ «ይህች ቀይ ጊደር የእኔ ናት፤ እሱ ዘንድ በአደራ ትኖራለች» ብዬ ጻፍኩና «ጣትህን አሳርፍ» አልኩት።

ሚስቱ ሳቀች። «ፊደል እንዲህ ነው እንዴ ሰውን የሚያደርገው?» አለች። እሱ አልሳቀም። ከድስት ቂጥ ጥላሸት በአውራ ጣቱ ጠርጎ ወረቀቱን ተጫነው። «ለመንግሥት ስጫን አላፈርኩም ነበር» አለ። እኔ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ጊደሯን እየነዳ እኔ ቤት መጣ። ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ውሃ እንኳ አልጠጣም። ጊደሯን በረቴ አስገብቶ የራሱን ላም አወጣ።

«ምን ሆንክ አንተ? ተቀመጥ እንጂ» አልኩት።

«ከዛሬ ጀምሮ ከብትህን ወረቀትህ ይጠብቅልህ» አለኝ፤ ላሚቱን በአለንጋ ነካ አድርጎ መንገድ ጀመረ።

በአባቶቻችን ጊዜ የተጀመረው ነገር በደጄ ሲወጣ ቆሜ አየሁት። ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ግን የቀረው ብር ትዝ አለኝ፤ ዞሬ የበረቴን በር ዘጋሁ።