የቦኖ ጠባቂዋ ከቅሬ የወጣች ጊዜ

ጦሩ ከወጣ በኋላ የመጣው ድካም ከጦሩ ጊዜ ይብስ ነበር። ተኩስ እያለ ሰው ይፈራል፣ ይደበቃል፣ ነፍሱን ይዞ ይሮጣል፤ ለመድከም ጊዜ የለውም። ሲያልፍ ነው ቁጭ ብሎ የቀረውን የሚያየው፤ ያኔ ጉልበት ይከዳል።

የኛ ከተማ በሐብሩ ካሉት ትናንሽ የገበያ ከተሞች አንዷ ናት፤ ከመርሳ በባጃጅ ይደረስባታል። ከሸሸንበት ስንመለስ የማዘጋጃ ቤቱ በር ተነቅሎ፣ ወንበሩ ተወስዶ፣ ወረቀቱ ነዶ ነበር። የጤና ጣቢያው ፍራሽ እንኳ አልተረፈም። መብራት ገና ስላልተመለሰ የቦኖው ውሃ የሚሳበው በጄኔሬተር ነው። ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይላል፤ ለናፍጣ ደግሞ ማዘጋጃው ቤሳ የለውም። ስለዚህ ቦኖው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ የሚከፈት ሆነ። ቆሻሻ የሚያነሳው ጋሪ ቆመ፣ የገበያው ዘበኞችም ተሰናበቱ። በጀት ከወልድያ ይመጣል ይሉናል፤ ወልድያ ያሉትም ከላይ ይመጣል ብለው አንጋጠው ነበር።

ከላይ የመጣው ግን ግብር ነው። አንድ ጠዋት በማዘጋጃው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ስለቆጠርኩ ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የነጋዴው ሁሉ የዓመት ግብር ጨምሯል፤ የውሃ መዋጮም አለበት።

«እትዬ፣ እስቲ ረጋ ብለው ይድገሙት፤ ቀነሰ የሚል ይሆናል» አለኝ አንዱ ጨው ነጋዴ።

«ጨመረ ነው የሚለው። መነጽር ብትገዛልኝም ያው ነው» አልኩት።

እኔ ግብር አልከፍልም ብዬ አላውቅም። ያናደደኝ ሌላ ነው። እኔ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፌ ሽንኩርትና ማንጎ የምቸረችር ሰው ነኝ። በኔም ሆነ ሁለት ወፍጮ በሚያሽከረክረው ሰውዬ ላይ የተጨመረው እኩል ነው። እኩል መጨመር እኩልነት አይደለም። ይህንኑ ልነግራቸው ማዘጋጃው ገባሁ። ግብር የሚሰበስበው ልጅ የቢራ ሣጥን ገልብጦ ተቀምጦበታል።

«እማማ፣ እኔ ራሴ ደመወዝ ካየሁ ስንት ወር የሆነኝ መሰለዎት?» አለኝ።

«እንግዲያስ ና አብረን እንጩህ።»

«እኔ ከጮህኩ ማን ይሰበስባል?»

አሳዘነኝ። ግን አልከፈልኩም።

በዚያው ሳምንት እሑድ ቅሬው ተሰበሰበ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዬዎች ቅሬ እንላለን፤ ግን ከዕድር ይከብዳል። እስላሙም ክርስቲያኑም ባንድ ቅሬ ነው። ሬሳ የሚያነሳው፣ ጠብ የሚያበርደው፣ የሚቀጣውም እሱ ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ሰላም አይባልም፣ ሲሞትም ቀባሪ የለውም። የዚያን ቀን ግብሩ እስኪስተካከል፣ ቦኖውም በየቀኑ እስኪከፈት ማንም እንዳይከፍል ተባለ። እኔም እጄን አወጣሁ። ቀጥሎ አንዱ «የከፈለ ከቅሬ ይውጣ!» ብሎ ጮኸ።

«ቅሬ የሞት ነው፤ ከግብር ጋር ምን አገናኘው?» አልኩ።

«እትዬ፣ ዛሬ አንድ ካልሆንን መቼ ልንሆን ነው?» አሉኝ የቅሬው ዳኛ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሽማግሌ። የቀረው ንግግሬ በጫጫታው ተዋጠ።

ያ ፍርድ መጀመሪያ ያገኘው የቦኖ ጠባቂዋን ነው። አጥሬን የምትዋሰነኝ ፈት ሴት ናት፤ ከአልጋ የማትነሳ እናቷን ትጦራለች። ደመወዟ ከቆመ ሰንብቶ ነበር፤ የምትኖረው ከቦኖው አጠገብ በካርቶን ላይ ደርድራ በምትሸጠው ሳሙናና ክብሪት ነው። ማዘጋጃው ግብር ያልከፈለ ሰው የቦኖውን ቁልፍ አይዝም አላት። ቁልፉ ከሄደ መቀመጫዋም ሄደ ማለት ነው። ፍየሏን ሸጣ ከፈለች። ወሬው ጀንበር ሳትጠልቅ ደረሰ፤ እሑድ ስሟን ጠርተው ከቅሬ አስወጧት።

ማክሰኞ ወረፋ ይዤ አየሁ። ሴቶቹ እሷ ከከፈተችው ቧንቧ ይቀዳሉ፤ «እንደምን አደርሽ» ስትላቸው ጀሪካናቸውን ያያሉ። አንዷ እንስራዋን እያዘለች «መንግሥት ይቅበርሽ!» አለቻት። እሷ ቧንቧውን አጠበቀች።

የእናቷ ነገር እየባሰ ነበር። ሌሊት ሲያቃስቱ ይሰማኛል። እሮብ ረፋድ ላይ፣ ሰው እያየኝ፣ በበሯ ገባሁ።

«እማማ ይመለሱ! አንቱንም ያስወጡብኛል» አለችኝ።

«ያስወጡኛ። ሬሳዬ የሚሸተው እነሱን ነው፣ እኔን አይደል።»

ልትስቅ ብላ ለቅሶ መጣባት። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው በአፋቸው ይተነፍሳሉ። ልጅየዋ ወደ ደጃፉ ሳበችኝ። «መሞቷን አይደለም የፈራሁት፤ የአላህ ነው። ማን ያወጣልኛል? ጀናዛዋን ብቻዬን ልጎትት?» አለችኝ።

እሑድ ስንሰበሰብ የሷ ጉዳይ ይነሳ ብዬ ቆምኩ። ዳኛው ጨካኝ አይደሉም፤ ቀድመው አስበውበታል። «ድንጋይ ተሸክማ ከጉባኤው ፊት ይቅርታ ትጠይቅ፣ ትመለስ» አሉ። ሰው አጉረመረመ፤ ግን የተስማማ ይመስላል።

«ደግ» አልኩ። «ግን መጀመሪያ አውጫጭኝ ይደረግ።»

ወጣቶቹ ተያዩ። ድሮ ዕቃ ተሰርቆ ሌባው ሲጠፋ አገሬው ሁሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ሳይነሳ፣ እየማለ የሚያውቀውን ይናገራል። አውጫጭኝ ይሉታል። ብዙ ዘመን ተደርጎ አያውቅም፤ ሽማግሌዎቹ ግን አልረሱትም።

«እሷ ከፍላለች፤ አልካደችም» አልኩ። «ሌላ የከፈለ የለም? አንድ በአንድ እየተነሳን እንማል። እስላሙ በቁርአን፣ ክርስቲያኑ በመስቀል። የከፈለ ሁሉ ከጎኗ ድንጋይ ይሸከም። ወላሂ፣ መጀመሪያ የምምለው እኔ ነኝ!»

«ድንጋዩ ይበቃናል እንዴ?» አለ አንድ ጎረምሳ ከኋላ።

ማንም አልሳቀም። ባለወፍጮው ጫማውን ያያል። እህል በጭነት መኪና የሚልከው ነጋዴ ኩታውን እየሰበሰበ «ለጉዳይ መርሳ ደርሼ…» ብሎ ብድግ አለ።

«ቁጭ በል! አውጫጭኝ ላይ ሰው አይነሳም» አልኩት። ተቀመጠ።

ዳኛው ጉባኤውን ዞር ዞር ብለው አዩ። ስንቱ አንገቱን እንደደፋ እኔም እሳቸውም አየን። ፊታቸው ላይ ንዴት አልነበረም፤ ሲበዛ የደከመ ሰው ፊት ነው።

«ምን ፈልገው ነው፣ እትዬ?»

«እኩል ነገር።»

ወደ ጉባኤው ዞሩ። «አውጫጭኙ ይቅር። ሴትዮዋም ትመለስ።»

«ድንጋዩስ?»

«ድንጋዩም ይቅር፣ በቃ።»

«ግብሩስ?» አልኩ። ሰው አንድ በአንድ አቧራውን እያራገፈ ተነሳ።

ከዚያ ወዲያ «አንከፍልም» የሚለው ነገር ብቻውን ሟሸሸ። ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ሁሉም እየሄደ ከፈለ። መጨረሻ ላይ እኔም ከፈልኩ። ከባለወፍጮው እኩል ነው የተጨመረብኝ፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ቦኖውም ያው ማክሰኞና ዓርብ።

አሮጊቷ ከዚያ እሑድ ቀጥሎ ባለው ሐሙስ ንጋት ላይ አረፉ። ጥሩንባው ተነፋ። ቅሬ በአፍ መለሰ ማለት ግን ሰው በእግሩ መጣ ማለት አይደለም፤ ደጃፉ ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። ቦኖው ዝግ ነው፣ ናፍጣ የለም። በእናትና ልጅ ቤት ያለው ውሃ ከአንድ ጆግ አይበልጥም። ጀናዛው ሳይታጠብ አይወጣም፤ ሬሳ ደግሞ አይቆይም።

መጀመሪያ አንዷ መጣች፣ ግማሽ ጀሪካን ይዛ። ከማክሰኞ ያተረፈችው ነው። «ትንሽ ደፍርሷል» ብላ አቀረቀረች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ከላይ ሰፈር ያሉት ክርስቲያኖቹ፤ በእንስራ፣ በጀሪካን፣ በድስት። ማንም ስላለፈው ነገር አልተነፈሰም፤ ይቅርታ ያለም የለም። ውሃቸውን ደጃፉ ላይ ካለው በርሜል ውስጥ እየገለበጡ ሄደው ከለቅሶው ድንኳን ሥር ተቀመጡ። ወንዶቹ ዶማቸውን ይዘው ቀብሩ ቦታ ደርሰው ነበር።

ከቀብር መልስ ሰው ሲበተን እኔ ቀረሁ። ልጅየዋ በርሜሉን ከፍታ ውስጡን ታያለች። ውሃ ተርፏል።

«እማማ፣ የማን እንደሆነ አላወቅኩም። ለየቤቱ እንዴት አድርጌ ልመልሰው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በጣሳ እየሰፈርኩ እንዴት እንደሚካፈል እነግራት ነበር። ያን ቀን ግን ጉልበት አልነበረኝም።

«ጠጪው፣ ልጄ» አልኳት።