በካቡ ውስጥ የተነገረ ስብሰባ

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ በአንድ መስከረም፣ አራተኛ ክፍል ሳልመዘገብ ቀረሁ። ሦስተኛ ክፍልን ያለፍሁት ሁለተኛ ወጥቼ ነበር። የተሰጠን ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ አባቴ የወላጆች ስብሰባ ላይ አልተገኘም።

መንደራችን እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ነው። አብዛኛው ሰው ገብስና ባቄላ የሚያርስ ክርስቲያን ሲሆን፣ ከወንዙ ወዲያ ደግሞ እኛ ጥቂት እስላም ሸማኔዎች ነበርን። ትምህርት ቤቱ የሁላችንም ነበር። ዲሬክተሩ ከደብረ ታቦር የመጡ፣ ክፉ የማይባሉ ሰው ነበሩ። ለወላጅ የሚነገር ነገር ሲኖራቸው ለደብሩ ገበዝ ያስታውቃሉ፤ ገበዙም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ቆሞ ለሕዝቡ ያሰማል። ስብሰባው የሚደረገው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። የጠፋ በሬ፣ የግብር ቀን፣ የመንገድ ሥራ ሁሉ የሚነገረው እዚያ ስለነበረ፣ እዚያ የተነገረውን የማይሰማ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ስለዚህ አባቴ ሙሄ ሁልጊዜ ስብሰባው ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ሰኞ ገበያ ላይ ይሰማና ማክሰኞ አዲሱን ጋቢውን ለብሶ ይሄዳል። አልፏል ይሉታል። አንድ ጊዜ በሴት ልጄ ቢልኩልኝስ ብሎ ዲሬክተሩን ለመናቸው። ልጅ መልእክት ያዛባል፣ ለአንድ ሰው ተብሎም ሥርዓት አይለወጥም አሉት። ለአንድ ሰው ብቻ እንዳልነበረ ከወንዙ ወዲያ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

አባቴ ክርክር አይወድም። በሚቀጥለው እሑድ ማልዶ ሄደና ከቤተ ክርስቲያኑ ካብ ውጭ፣ ከአንድ ጥድ ሥር ቆመ። ቅዳሴው አልቆ ገበዙ እስኪናገር ጠበቀ፤ የትምህርት ቤት ነገር እንደሌለ ሲያረጋግጥ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር እዚያው ነበር።

እስላም ሸማኔ በቅዳሴ ሰዓት ከካብ ሥር ሲቆም ሰው ምን እንደሚል መገመት አይከብድም። ሊጠመቅ ነው ተባለ። ጎረቤታችን አያ ደምሌ፣ ነገር የማያልፈው ገበሬ፣ አንድ ቀን ያሠራው ጋቢ እስኪያልቅ አባቴ ዘንድ ተቀምጦ ነካካው።

«እንግዲህ የክርስትና አባትህ እኔ ነኝ፤ ለሌላ እንዳትሰጥብኝ። ማተቡንም እገዛለሁ» አለው።

«ግድ የለም አያ ደምሌ፤ መጀመሪያ አንተን ጾም ያስለምዱህና ከዚያ እኔን ያጠምቁኛል» አለ አባቴ፣ እጁን ከሥራው ሳያነሣ።

ደምሌ እስኪያስለው ሳቀ። በእኛ ሰፈር ግን የሳቀ አልነበረም።

ያኔ አባቴ ማታ ማታ ተረት ይነግረን ነበር። እሱ ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለው ኩራዝ ግማሽ ፊቱን ብቻ እያበራው፣ ከፍሙ የሚነሣው የወይራ ጭስ ዐይናችንን እየቆጠቆጠን፣ እናቴ ጥጥ ስትፈትል እኔ ለነገ የሚሆነውን ማግ ሳጠነጥን እንሰማዋለን። ከእነዚያ ማታዎች በአንዱ የሰፈራችን ሸህ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቁጣ አያበዙም።

«ሙሄ፣ ሰው እየጠየቀኝ ነው። ምን ልበል?» አሉት።

አባቴ መቀመጫ ሰጣቸውና የጀመረውን የሚቀጥል መስሎ ወደ እኛ ዞሮ ማውራት ያዘ። አገሩ በደረቀ ጊዜ አራዊት አንድ ምንጭ አገኙ፤ ማን እንደሚጠጣ ለመወሰን ቁራ ከትልቁ ዛፍ ጫፍ ላይ ሆኖ ስብሰባ ጠራ። ፍልፈል ከመሬት በታች ነበርና አልሰማም። ተጠምቶ ሲመጣ፣ ተጠርቶ ነበር፣ የተሰበሰበ ጠጣ አሉት። በሌላ ጊዜ እንዳያልፈው ብሎ የቁራውን ድምፅ በግንዱ በኩል ለመስማት እስከ ዛፉ ሥር ድረስ ቆፈረ። ከላይ ያሉት የአፈሩን ቁልል አይተው ዛፋችንን ሊጥል ነው አሉ። ከታች ያሉት አይጦች ደግሞ ከድቶን ዛፍ ላይ ሊወጣ ነው አሉ። አባቴ ተረቱን እዚህ ላይ አቆመ።

«መጨረሻውስ?» አሉ ሸሁ።

«መጨረሻ የለውም፣ አባባ። ፍልፈሉ እስካሁን እዚያው ነው።»

ሸሁም ተነሡ። እንግዲያው ከካቡ ራቅ ብለህ ቁም ብለው ሄዱ። ራቅ ብሎ ቆመ።

የጳጉሜዋ እሑድ ከማለዳ ጀምሮ ዘነበ። ገበዙ ውጭ መቆም ስላልቻለ የዕለቱን ነገር ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተናገረ። አባቴ ከዛፉ ሥር ሆኖ የሰማው ዝናቡን ነው። ሕዝቡ እየሮጠ ሲበተን የተነገረ ነገር የለም ብሎ፣ ደንበኛ የሚጠብቀውን ጋቢ በቆዳ ጠቅልሎ ወደ መካነ ኢየሱስ ወረደ። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስብሰባ ተደረገ። አራተኛ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ሊከፈት ነበር፤ ክፍሉ ገና አልተሠራም፤ እንጨትና ጉልበት ለመስጠት ቃል የገባ ወላጅ ልጁ እንዲመዘገብ ተወሰነ።

ማክሰኞ አባቴ እኔን አስከትሎ ሄደ። እንጨቱን ዛሬውኑ አመጣለሁ፣ ከሌላው እጥፍ እሠራለሁ አለ። ዲሬክተሩ ውሳኔው የወላጆች እንጂ የእሳቸው እንዳልሆነ አስረዱት። የትኞቹ ወላጆች ብሎ ጠየቀ። የተገኙት አሉት። ያን ዓመት ማግ ሳጠነጥን ከረምሁ። ስጠራ እየሰማሁ መልስ የማልሰጥበት ጊዜ በዛ፤ ፈትል እየበጠስሁም ተገረፍሁ። በዓመቱ አባቴ ማንም ሳይጠራው እንጨት ተሸክሞ ሄደና ተመዘገብሁ።

ኋላ ጋዜጠኛ ሆኜ ብዙ ስብሰባ ዘግቤአለሁ። ሕዝቡ ተጠርቶ አልመጣም የሚል ባለሥልጣን በገጠመኝ ቁጥር፣ የት ቆማችሁ ጠራችሁት ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ በጥያቄው ይሰለቻሉ። ከአባቴ ተረቶች ሌሎቹን ረስቼ ይቺን የፍልፈሉን ብቻ ይዤ የቀረሁት ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚያች እሑድ ስጠየቅም ጥፋቱን የካቡና የዝናቡ አድርጌ አወራ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእናቴ ለቅሶ መንደር ገባሁ። የአያ ደምሌ ባለቤት እማሆይ ብርቄ፣ ዛሬ መነኩሲት ናቸው፣ አጠገቤ ተቀምጠው ዐይናቸውን ሲያብሱ ቆዩና፣ «እናትሽ እኮ ያን ቀን ስብሰባው ላይ ነበረች» አሉኝ። ወንዝ ስትወርድ የነገሯት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ኋላም፣ ሙሄ ከሰማ ሰብሳቢዎቹን ይጣላቸዋል፣ የመጪውም ዓመት ምዝገባ ይበላሻል ብላ ለማንም እንዳይናገሩ አስምላቸው ነበር። በዝናቡ ሄዳ በሩ አጠገብ ከእሳቸው ጎን ተቀመጠች። ስሜ ሲጠራ ተነሥታ፣ «አለሁ፤ እንጨቱን እናመጣለን» አለች። ሰብሳቢው አይቷታል። ከዚያ «የሙሄ ልጅ፣ ወላጅ አልመጣም» ብሎ የሚቀጥለውን ስም ጠራ።