የኢራቁን ገዢ ይዘን ዳውንታውን የወረድንበት ቅዳሜ

ጠዋት፣ ሰፈራችን ፌርፋክስ

ከልጄ ከሜሮን ጋር በማለዳ ከቤት የወጣነው መሀል ከተማ፣ ዳውንታውን ለሚደረገው የተማሪዎች የታሪክ ውድድር ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ የታሪክ ሰው መርጦ ዳኞች ፊት ያቀርባል። እዚያ ያለፈ ሳክራሜንቶ ሄዶ ከመላው ካሊፎርኒያ ልጆች ጋር ይወዳደራል። ሜሮን አምና አላለፈችም። አስተማሪዋ ምክንያቱን ነግራኛለች፤ ልጅቷ ትምህርቱን ታውቀዋለች፣ ዳኞቹን ግን ቀና ብላ አታይም፤ ነጥብ የሚቀነስባት በዚያ ነው። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ፊት ዓይኗን እንድትሰብር ነው ያሳደግኳት። አሁንም አላፍርበትም።

ዘንድሮ የመረጠችው በኡመያ ኸሊፋዎች ዘመን ኢራቅን የገዛ ሰው ነው። ስሙ ለአፌ ስለማይመች «ገዢው» እያልኩ እጽፋለሁ። ምነው እንዲህ ያለ ጨካኝ መረጥሽ ስላት፣ «እማዬ፣ የጀመረው እኮ የልጆች አስተማሪ ሆኖ ነው። ሶ፣ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ማወቅ ፈለግኩ» አለችኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስታስረዳኝ ግን ገብቶኛል።

ባሱ ይዘገያል ብዬ በጣም ቀድመን ወጣን። ቦርሳዬ ውስጥ ፍርፍር፣ ውሃና ትርፍ ሹራብ ይዣለሁ።

ፒኮ ጎዳና፣ ባስ ውስጥ

አንድ ዶላር ከሰባ አምስት ከፍዬ ስገባ ጋሽ ሰይድን አገኘናቸው። የደሴ ሰው ናቸው፤ ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራሉ።

«ምነው በቅዳሜ? ኢሚግሬሽን ቢሮው ዝግ ነው እኮ!» አሉኝ።

የምንሄድበትንና ሜሮን ስለ ማን እንደምታቀርብ ስነግራቸው ሳቁ። «ያንን ገዢ? ልጆች ሳለን ሼኪው ሲቆጡን በሱ ነበር የሚያስፈራሩን! ኩፋ መስጊድ የገባበትን ይዘሻል?»

«እሱማ መጀመሪያዬ ነው» አለች ሜሮን፤ መስኮቱን እያየች ተረከችልን። ገዢው ኢራቅ ውስጥ ኩፋ ከተማ ሲደርስ ፊቱን በጥምጥም ሸፍኖ መስጊዱ መስበኪያ፣ ሚንበሩ ላይ ወጣ። ዝም አለ። ሰዉ ናቀው፤ አንዱማ ሊወረውርበት ጠጠር ዘገነ። ገዢው ፊቱን ገልጦ መናገር ሲጀምር ግን ጠጠሩ ከሰውየው እጅ እየተንጠባጠበ ወደቀ።

ይህን ስሰማ ሻሼን ከአንገቴ ፈታሁ። «እንደሱ ሆነሽ ግቢ።»

«እማዬ! ይስቁብኛል!»

«ይሳቁ። ፊትሽን ስትገልጪ ገዢው ነሽ እንጂ ሜሮን አይደለሽም። ገዢ ማንን ያፍራል?»

«ወይ ጉድ! ገዢ መሆን የነበረባት እናትየዋ ናት» አሉ ጋሽ ሰይድ፤ መርቀውን ወረዱ።

ዳውንታውን

ውድድሩ ያለው አንድ አሮጌ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስት ዳኞች ከፊት፣ ወላጆች ከኋላ ተቀምጠናል። ሜሮን ተሸፋፍና ገባች፤ መሀል ላይ ቆመች፤ ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። አንደኛው ዳኛ ሰዓቱን አየ። ረስታው ይሆን? ልነሳ ስል አጠገቤ ያለችው ሴት ክንዴን ያዘችኝ።

ሻሹን ገለጠችው። ሦስቱንም በየተራ ዓይናቸውን አየቻቸው፤ ሰዓቱን ያየው ሰውዬ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ከአስተማሪነት ወደ ኸሊፋው ጦር መግባቱን፣ መካን መክበቡን፣ ቦይ ማስቆፈሩን፣ አዲስ ከተማ መሥራቱን፣ እስር ቤቶቹን መሙላቱን።

ስትጨርስ ዳኛዋ ሴትዮ ጠየቀቻት፤ «በሱ ግዛት መኖር ትፈልጊ ነበር?»

ሜሮን ሻሹን አጠፈችው። ዓይኗ ወደ መሬት ተመለሰ።

«አልፈልግም» አለች በቀስታ። «የሰፈራችንን ቦይ ያሠራልናል። እናቴ ስለ ቦዩ ካማረረች ደግሞ ያስራታል። እናቴ ደግሞ ታማርራለች።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ መውጣቷ ተነገረ፤ ሁለተኛም ሳክራሜንቶ ያልፋል።

ቤት

ፍርፍሩን የበላነው ማታ ቤታችን ነው። ሜሮን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እማዬ፣ ሳክራሜንቶ ከክላሴ ጋር ነው የምሄደው። አዳር አለው። አንቺ አትመጪም።»

ይህን ስትል ዓይኔን አየችኝ። እንዲህ አይታኝ አታውቅም። በሌላ ቀን ቢሆን እቆጣ ነበር። አሁን ግን አስተያየቷ የልመናም የድፍረትም እንዳልሆነ ገባኝ፤ የሚችለውን የሚያውቅ ሰው አስተያየት ነው። ልጄ ቀና ማለትንም አንገት መድፋትንም ታውቃለች፤ የቱ የት እንደሚሆን መምረጡ የሷ ነው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው።

ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

«ሂጂ» አልኳት።